መሃል የቆመችው መርፌ

ወሬው የተሰማው ሐርቡ ላይ ነው፤ በ1984 ዓ.ም.፣ መንግሥት ተለውጦ መንገዱ ገና ሰው መልመድ በጀመረበት ሰሞን። መኳንንት ያኔ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበር። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መኪና እስኪመጣ በአንዲት የቆርቆሮ ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የሚያቃጥል ሻይ እፍ ይላል። ከጀርባው ሁለት ሾፌሮች ያወጋሉ። አንደኛውን ያውቀዋል፤ ዘይኑልአቢዲን የሚባል፣ የአሰብን መንገድ እንደ ቤቱ ጓሮ የለመደ፣ አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪና የሚነዳ ሰው ነው። የሌላኛውን ፊት አላየውም፤ ወይም አይቶት ረስቶታል።

«ፈላብኝ እኮ! ሚሌ ሳልደርስ ሁለት ጊዜ ፈላብኝ» ይላል ፊቱ የተረሳው ሰው።

«ቴርሞስታቷን አውጥተህ ወርውራታ! ለቆላ መኪና ምን ትሠራለች? የፈረንጅ አገር ብርድ መከላከያ ናት» ይላል ዘይኑልአቢዲን። «ከዚያ ወዲያ የሙቀቷ መርፌ መሃል ላይ እስካለች ድረስ አብሽር፣ ንዳ። ግን…»

ከ«ግን» በኋላ ያለው የለም። አንድ ተሳቢ ጥሩምባውን እየነፋ በበሩ አልፏል፤ ወይም ደግሞ ረዳቱ «የቀረ ኮምቦልቻ!» ብሎ ተጣርቶ መኳንንት ሻዩን ጥሎ ተነስቷል። ሁለቱም ሆኖ ይሆናል። ብቻ ቀሪው ወሬ እዚያው ሻይ ቤት ቀረ፣ እሱም በሰማት ግማሽ ሃያ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ እንጀራ በላባት።

መካኒክነትን ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረም። የተማረው በጆሮው ነው። ሞተር ሲሠራ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ሰው ሲያወራም እንደዚያው። ጣልቃ አይገባም፣ አይጠይቅም፣ የሰማውን ይዞ ይሄዳል። ኮምቦልቻ ላይ የራሱን ጋራዥ ከከፈተ በኋላ «ጋሽ መኳንንት ሞተር ያናግራል» ይባልለት ጀመር። ሥራ ሳይጀምር በልቡ ትንሽ ይጸልያል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጸልይ ግን በቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ብዙ ሰው ሰምቶት አያውቅም። የኮምቦልቻዋ አጥቢያ ምእመናን ሽማግሌ አድርገው ሲመርጡትም ስለ ዝምታው ነበር የመረጡት።

በጋራዡ ግድግዳ ላይ አንዲት ረጅም ሽቦ ተሰቅላለች። በሽቦዋ ላይ ከደንበኞቹ መኪና ያወጣቸው ቴርሞስታቶች እንደ ዶቃ ተሰክተዋል። እያንዳንዷ የጠርሙስ ቆርኪ ሁለት እጥፍ የምታህል፣ መሃሏ ላይ ስፕሪንግ ያለባት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የምታግድ የናስ ቁራጭ ናት። የሐርቡም ታክሲ፣ የባቲም ጭነት መኪና፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤትም መኪና እዚያ ሽቦ ላይ አንዳንድ ዶቃ አላቸው። «ጋሽ መኳንንት፣ ይቺን ሀብል ለማን ነው የሚያሠሯት?» እያሉ ደንበኞች ይቀልዳሉ። እሱም ፈገግ ይላል። ያቺ ሽቦ ኩራቱ ነበረች፤ ምንም እንኳ ኩራት የሚለውን ቃል ለራሱ ነገር ባይጠቀምበት።

በ2003 ዓ.ም. ከመስቀል በኋላ እህት ያለምወርቅ አዲስ ሞዴል ሚኒባስ ገዛች። ደሴ ፒያሳ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ቤቷ ግን ኮምቦልቻ የሆነ፣ ከመኳንንት ጋር በአንድ አጥቢያ የምታመልክ ሴት ናት። ሾፌር አድርጋ የቀጠረችው ስለሺን ነው። ስለሺ የሠላሳ ዓመት ሰው፣ በዚያው አጥቢያ ኳየር ውስጥ ቀጭን ድምፅ ያለው ዘማሪ፣ መኪና የሚይዘው እንደ ሕፃን ልጅ ተጠንቅቆ ነው። ሚኒባሱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወደ መኳንንት ጋራዥ መጣ። መኳንንት ኮፈኑን ከፍቶ፣ ዘይቱን አይቶ፣ ቀበቶውን ነካክቶ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ልማዱ ቴርሞስታቷን አወጣ።

«ጋሼ፣ ምኑን ነው ያወጡት?» አለ ስለሺ፣ አንገቱን አስግጎ።

«ቴርሞስታት ናት። ለእኛ አገር አታስፈልግም።»

«አዲስ መኪና እኮ ነው። ይቺ ከታችም ሌላ ክዳን አላት፤ እንደ ሌሎቹ አይደለችም መሰለኝ።»

መኳንንት ገልበጥ አድርጎ አያት። እውነት ነው፣ ከሥሯ እንደ ሳንቲም ያለች ሌላ ክዳን ነበረቻት። አየና ዝም አለ። ከዚያ ሽቦዋ ላይ ሰካት።

«አትጨነቅ። መርፌዋ መሃል ላይ እስካለች ድረስ አትስጋ» አለው።

ስለሺ አልሰጋም። አምስት ወር ሙሉ ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ተመላለሰ፤ የሙቀቷ መርፌ አንድ ቀን ከመሃል ሳትነቃነቅ።

የካቲት ውስጥ በአንድ ሰኞ ጠዋት፣ ለሰኞ ገበያ የሚሄድ ሰውና ጭነት እስከ አፉ ሞልቶ በመንገዱ ላይ ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ፣ ከላይኛው ኩርባ ሥር ሞተሩ ነከሰ። እንደ ሳል ያለ ድምፅ አሰማና ቀጥ አለ። ነጭ ጭስ ኮፈኑን ሸፈነው። ገበያተኛው ወርዶ ዶሮውንና ቅቤውን ተሸክሞ በእግሩ ዳገቱን ተያያዘው። አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ፣ «እሱ እንኳን ደክሞት ተኛ፤ እንቅልፉ የቀረብን እኛ ነን!» ብላ ስቃለች ይባላል። ስለሺ አልሳቀም። መሪውን እንደ ጨበጠ መርፌዋን ያያል። መርፌዋ መሃል ናት።

ያለምወርቅ ስትሰማ ያለችው አንድ ነገር ነው። «ሞተሩ ይቅር። ብረት ነው፣ ይሠራል። ግን ለምን ይዋሸኛል? ስልክ ሲያወራ ወይ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ሲያወጋ መርፌዋን ሳያይ ቀረ። አጠፋሁ ቢለኝ ምን ነበረበት? መርፌዋ አልተነሳችም ይለኛል! መርፌ የሌለበት መኪና ነው እንዴ የገዛሁት?»

ነገሩ ወደ ሽማግሌዎች መጣ። የአጥቢያዋ ሽማግሌዎች አምስት ናቸው፤ ሰብሳቢው አቶ ሉቃስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ያለምወርቅ በአንድ በኩል፣ ስለሺ በሌላ በኩል ተቀመጡ። ስለሺ የተናገረው አጭር ነበር። «መርፌዋን አይቻለሁ። በየኩርባው አያታለሁ። አልተነሳችም።»

አቶ ሉቃስ ወደ መኳንንት ዞሩ። «ወንድም መኳንንት፣ ከእኛ መካከል ይህን የሚያውቅ አንተ ነህ። ሞተሩንም የፈታኸው አንተ ነህ። መርፌዋ ሳትነሳ ሞተር ይቃጠላል?»

መኳንንት አሰበ። ሞተሩ ተቃጥሏል፤ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ከሙቀት ብዛት ተጣሟል፣ ይህን በዓይኑ አይቷል። እንዲህ የጋለ ሞተር መርፌን ሳያስነሳ? በሃያ ዓመት አላየም።

«በእኔ እውቀት አይሆንም» አለ። «መርፌዋ ሳትነግረው ሞተር አይቃጠልም።»

ስለሺ ቀና ብሎ አየው። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ነዎት…» አለና አቋረጠው። ከንፈሩን ነክሶ ወደ መሬት አየ።

መኳንንት ቀሪውን አልጠየቀም።

ውሳኔው እሑድ ከስብከቱ በኋላ በጉባኤው ፊት ተነበበ። ወንድም ስለሺ እውነቱን ተናግሮ ንስሐ እስኪገባ ድረስ ከዝማሬ አገልግሎት ታግዷል። ያለምወርቅም ሌላ ሾፌር ቀጠረች። አቶ ሉቃስ ስለሺን ሁለት ጊዜ አስጠርተው፣ «አንዲት ቃል ነው የምንፈልገው። መርፌዋን አላየኋትም በልና ወደ ቦታህ ተመለስ» አሉት። ስለሺም፣ «ያየሁትን አላየሁም ካልኩማ ያኔ ነው የዋሸሁት» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልመጣም። ደሴ ወጥቷል ተባለ።

መኳንንት ሞተሩን በሁለት ወር ሠርቶ ጨረሰ። ቴስታታው አዲስ አበባ ሄዶ ተስተካክሎ መጣ፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጉርኒሲዮኑ፣ ተቀየረ። ቴርሞስታቷ ግን እንደ ወጣች ሽቦዋ ላይ ቀረች። ማን አስቦ?

ለያለምወርቅ ከመስጠቱ በፊት ሊሞክረው አሥራ አምስት ከረጢት አሸዋ ጭኖ ሐረጎን ተያያዘው። ረፋድ ነበር፤ ፀሐይ ጀርባውን ትጠብሰዋለች። መርፌዋ መሃል ናት። መጀመሪያው ኩርባ፣ መሃል። ሁለተኛው፣ መሃል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አንድ ሽታ መጣ። ጣፋጭ የመሰለ፣ የተጠበሰ ጎማ የተቀላቀለበት ሽታ። ሞተር ሲግል የሚሸተውን መኳንንት እንደ ልጁ ጠረን ያውቀዋል። ዳር ይዞ ቆመ። ኮፈኑን ከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የውሃ ጎማ በጨርቅ ሊነካው ሞከረ፤ ጨርቁን አልፎ ፈጀው። ሮጦ ተመልሶ መርፌዋን አየ።

መሃል።

እዚያው ዳገት ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከታች ኮምቦልቻ በጭጋግ ውስጥ ተዘርግታለች። ያለፈ ያገደመው ሾፌር ሁሉ፣ «ጋሽ መኳንንት፣ ምን ሆኑ?» እያለ ጥሩምባ ይነፋለታል፤ እሱ እጁን ብቻ ያነሳል። ሊጸልይ አፉን ከፈተ፤ የመጣለት የስለሺ ድምፅ ነው። በየኩርባው አያታለሁ።

በማግስቱ በላቸውን ፈለገው። በላቸው ከከተማው ፋብሪካዎች በአንዱ የጥገና ሠራተኛ የሆነ፣ ወሬ የማይጠግብ፣ የቅርብ ጓደኛው ነው። ከፋብሪካው ረጅም ሽቦ ያላትን የሙቀት መለኪያ ተውሶ መጣ። ጫፏን ውሃው ከሞተር በሚወጣበት ብረት ላይ ጠፍረው አሰሩ፣ ሽቦዋን በመስኮት አስገቡ፣ በላቸው ቁጥር የምታሳየዋን ሳጥን ጭኑ ላይ አድርጎ ከጎኑ ተቀመጠ።

«ሰማንያ ሁለት» አለ ከከተማ ሲወጡ። «መርፌህስ?»

«መሃል።»

«ዘጠና አራት። መቶ ሦስት። መርፌ?»

«መሃል።»

«መቶ ዘጠኝ! ኧረ መኳንንት፣ ይሄ ነገር ሽሮ ሊያፈላልን ነው። መርፌ?»

«መሃል ናት በላቸው። መሃል ናት።»

«መቶ አሥራ አራት። ቁም! ቁም እልሃለሁ!»

ሲቆሙ መርፌዋ ድንገት ብድግ አለችና ቀዩን ነካች። ከመሃል ወደ ቀይ ስትሄድ አንድ ብሎ ለመቁጠር እንኳ ፋታ አልሰጠችም። በላቸው በፉጨት ተነፈሰ።

«አይ! ይቺን እኮ የእኛ ኢንጂነር አጫውቶኛል» አለ። «አዲሶቹ መኪኖች እንዲህ ናቸው። ድሮ መርፌዋ በየዳገቱ ትንሽ ከፍ፣ በየቁልቁለቱ ትንሽ ዝቅ ትል የለ? ባለመኪናው ሁሉ እየደነገጠ ‹ተበላሸብኝ› እያለ ሻጩን ነዘነዘው። ሠሪዎቹ ሰለቻቸው። ከሰባ ምናምን እስከ መቶ አሥራ ምናምን ድረስ መሃል ላይ ቁጭ እንድትል አደነዘዟት። ውሃው ተንኖ ካለቀ ደግሞ የምትለካው ስለሌላት ጭራሽ አትነሳም። ሰዉ ሰላም አገኘ። የፍጥነቷም እንደዚያው ናት፣ ሰማንያ ስትልህ ሰማንያ ላይሞላ ይችላል፤ የነዳጇ ሙሉ ላይ ተኝታ ትቆይና ከግማሽ በታች ስትሆን ሩጫ ነው። ሁሉም የየራሱ ጠባይ አለው። ከፋብሪካ ሲወጣ ነው እንዲህ የሚሠራው፣ ብልሽት አይደለም።»

«ዋሽታለች ማለት ነው?»

«ኧረ አልዋሸችም። ዝም አለች እንጂ።»

መኳንንት ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። በላቸው ግን አላበቃም። «እሱስ ይሁን፤ ግን ለምን ይግላል? አዲስ ራዲያተር፣ አዲስ ጉርኒሲዮን… ምን አጎደልክበት?»

ጥያቄው ጋራዥ ድረስ ተከተለው። ሽቦዋን ከግድግዳ አወረደ። የሚኒባሷን ዶቃ ለማግኘት አልተቸገረም፤ ከሥር ሁለተኛ ክዳን ያላት፣ ገና የምታብለጨልጨው እሷ ነች። በፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀመጠና አያት። ውሃው ሲግል የላይኛው በሯ ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ በዚያው ቅጽበት የታችኛዋ ክዳን ወደ ታች ወረደች። ምን ለመዝጋት? ወደ ሞተሩ ሄዶ ጣቱን ከታች ሰደደ። እዚያ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ፣ ሳይበርድ፣ በአቋራጭ ተመልሶ ወደ ሞተሩ የሚገባባት። ቴርሞስታቷ ሞተሩ ሲሞቅ ያቺን አቋራጭ ትዘጋለች። ቴርሞስታቷ ከወጣች ግን አቋራጯ ሁልጊዜ ክፍት ናት። ሜዳ ላይ አይታወቅም። ሐረጎ ላይ፣ ጭነት ተጭኖ፣ ግማሹ ውሃ ሳይበርድ እንደ ፈላ ይዞራል።

መልሶ ገጠማት። ከበላቸው ጋር እንደገና ወጡ፤ ያው አሸዋ፣ ያው ዳገት። በላቸው ሳጥኗ ላይ አፍጥጦ ቀረ። «ሰማንያ ስምንት። ዘጠና። ዘጠና አንድ። ሰማንያ ዘጠኝ። መኳንንት፣ ጨዋ ሆነች እኮ!»

መርፌዋ መሃል ናት። ስትግልም መሃል፣ ስትበርድም መሃል።

ለሁለት ቀን ነገሩን ይዞ ዞረ። በሦስተኛው ቀን ሐርቡ ወረደ። ዘይኑልአቢዲን አርጅተዋል፤ መንዳት ትተው በልጃቸው ሱቅ ደጃፍ መቁጠሪያ ይዘው ይቀመጣሉ። ራሱን አስተዋወቀና ያንን ሻይ ቤት፣ ያንን ወሬ፣ ያቺን «ግን» ነገራቸው።

ሽማግሌው እስኪሳላቸው ሳቁ። «ወላሂ አንተ ጉድ ነህ! ሰው ሲያወጋ በጀርባው ሰርቀህ ሰምተህ ጋራዥ ከፈትክ?»

«ግን ካሉ በኋላ ምን አሉ ጋሽ ዘይኑ? እሱን ነው የመጣሁበት።»

«እኔ ያን ጊዜ ስንቱን አወራሁ የኔ ልጅ? አላህ ይወቀው።» መቁጠሪያቸውን ሁለት ሦስት ፍሬ ገፋ አደረጉ። «ያኔ የምነዳት የጭነት መኪና ቴርሞስታቷ አንድ በር ብቻ ነበራት። አሰብ ላይ አንድ ግሪካዊ መካኒክ፣ ‹ከታች ክዳን ያላትን አትንኩ፣ ሞተር ታቃጥላላችሁ› ይለን ነበር። እንግዲህ ‹ግን› ያልኩት እሱን ብዬ ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። ማለት የነበረብኝ ግን እሱን ነበር።» ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «እኔ ምን አጠፋሁ? እዚያው ነበርኩ እኮ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ዞር ብለህ ‹ግን ምን?› ማለት ምን ያቅትሃል? ያኔ ባትለኝ ከዚያ ወዲያስ ሐርቡ ስንት ጊዜ ወረድክ?»

መኳንንት ብዙ ጊዜ ወርዷል። በየሳምንቱ ይወርድ ነበር።

ከሐርቡ እንደ ተመለሰ ያለምወርቅ ቤት ሄደ። ሁሉንም ነገራት። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ ሰምታ ሰምታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቆይታ ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት።

«ጋሽ መኳንንት፣ መኪናው አሁን ደህና ነው አይደል?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ይተዉት። እርስዎ ሽማግሌ ነዎት። ይህ ቢወራ ሰው በእርስዎ ብቻ አያበቃም፣ ቤተ ክርስቲያኗንም ያማል። ልጁም ደሴ ባጃጅ ይዟል አሉ፣ እንጀራ አላጣም። በጸሎት እንያዘው። እኔ በልቤ ይቅር ብዬዋለሁ።»

«ምን አጥፍቶ ነው ይቅር ያልሽው እህቴ?» አለ መኳንንት። እንዲህ ይላል ብሎ ራሱም አልጠበቀም። ያለምወርቅ ዓይኗን ሰበረች።

ቢሆንም ቃሏ አብሮት ወጣ። መንገድ ላይ ቀላል ቀላሉን ያሳስበው ጀመር። ስለሺን በቤቱ ያነጋግረዋል። ለአቶ ሉቃስ ለብቻቸው ይነግራቸዋል። እግዱ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ምክንያቱን ማን ይጠይቃል? ሽቦዋም ላይ ያሉትን በየአጋጣሚው፣ መኪናዎቹ ለዘይት ሲመጡ፣ ሳያወራ ይመልሳል። ሁሉም በሰላም ይሆናል። ይህን ሲያስብ ትንሽ ቀለለው፤ መቅለሉም መልሶ አስፈራው።

ሐሙስ ጠዋት ደሴ ወጣ። ፒያሳ ላይ ባጃጆች ከተሰለፉበት ዳር ቆሞ ጠየቀ። ስለሺ ከሦስተኛዋ ባጃጅ ውስጥ አየው፤ አልወረደም። መኳንንት ሄዶ ከኋላ ገባና ተቀመጠ።

«ወዴት ነዎት?» አለ ስለሺ፣ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ።

«ወደ ሰኞ ገበያ ሰፈር ውሰደኝ።»

ባጃጇ ተንቀሳቀሰች። መኳንንት በስለሺ ትከሻ ላይ አሻግሮ የፍጥነት መቁጠሪያዋን አየ። ዜሮ ላይ ናት፤ ቁልቁለቱንም ይዘው ዜሮ።

«አትሠራም?» አለ፣ ከምን እንደሚጀምር ጠፍቶበት።

«ሞታለች። ይቺ ቢያንስ መሞቷን አትደብቅም።»

ከዚያ መኳንንት ጀመረ፤ ከሽታው፣ ከበላቸው ሳጥን፣ ከመቶ አሥራ አራት፣ ከአቋራጯ ቀዳዳ። ስለሺ ሳይደርሱ ዳር ይዞ ቆመ። ሞተሩን አጠፋው። ወደ ኋላ ግን አልዞረም። መኳንንት ላንገቱ ጀርባ ተናግሮ ጨረሰ።

«እውነትህን ነበር» አለ። «መርፌዋ አልተነሳችም። ሞተሩንም ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

የፒያሳው ጫጫታ ከሩቅ ይሰማል። አንድ ሰው ባጃጇን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ባዶ ነህ?» ሲል ስለሺ በእጁ ምልክት አሰናበተው።

«ስለሺ፣ ያን ዕለት ሽማግሌዎች ፊት ‹እርስዎ እኮ ነዎት› ብለህ ተውከው። ምን ልትል ነበር?»

«አሁን ነው የሚጠይቁኝ?»

«አሁን ነው። ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ።»

«‹እርስዎ እኮ ነዎት መሃል ካለች አትስጋ ያሉኝ› ልል ነበር። ቴርሞስታቷንም እንዳወጡ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ አየሁዎት፤ አራቱ ሽማግሌዎች አጠገብዎ ተቀምጠዋል። ሽማግሌን ሽማግሌ ፊት ማሳጣት ነውር መሰለኝ። ዋጥኩት።» አሁን ዞረ። ዓይኑ ደርቋል። «እርስዎ ራስዎ ይሉታል ብዬም ጠብቄ ነበር።»

መኳንንት አንገቱን ደፋ። ሰውየው ሳይጠየቅ ስሙን ከፍሎ የእሱን ስም እንደ ጠበቀለት አሁን ገባው።

«ለጋሽ ሉቃስ ነገ እነግራቸዋለሁ» አለ። «ሽማግሌዎች ተሰብስበው እግዱን ያነሳሉ። እህት ያለምወርቅም ታውቃለች።»

«በር ዘግታችሁ?»

ስለሺ መልሱን አልጠበቀም።

«ጋሼ፣ የእኔ ስም በር ተዘግቶ አይደለም የተነበበው። እናቴ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷም መሄድ አቁማለች። እግዱ ቢነሳ ‹ንስሐ ገባ› ነው የሚባለው። ዋሽቶ ነበር፣ ተጸጸተ፣ ተመለሰ። ይህን ይፈልጋሉ?»

«አልፈልግም።»

«ሽቦዋስ? ስንት ናቸው እዚያ ላይ ያሉት?»

«ሃምሳ ሰባት። አብዛኞቹ የድሮ መኪኖች ናቸው፣ ቴርሞስታታቸው አንድ በር ያለው። ያን ያህል አይጎዱም።»

«አብዛኞቹ» አለ ስለሺ። «የቀሩት ከማን መኪና እንደ ወጡ ያውቃሉ?»

አያውቅም። ሲያወጣ ገልብጦ ያየበት ቀን ጥቂት ነው፣ ያየበትን ቀንም ዝም ብሏል። ከእነዚያ አንዱ ዛሬ ሐረጎን እየወጣ ይሆናል፤ ሾፌሩ በየኩርባው መርፌዋን እያየ፣ መርፌዋም መሃል ሆና።

«ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» አለ መኳንንት። ድምፁ ለራሱም ራቀበት። «አንደበቴ ጉባኤ ፊት እንደማይፈታ ታውቃለህ። ሽማግሌነቱንም ይወስዱብኛል፤ ይውሰዱት። ጋራዡ ግን… እስቲ ከፋሲካ በኋላ…»

«እኔ ጊዜ ተሰጥቶኝ ነበር?»

ስለሺ ይህን ሲል አልተቆጣም። ቁጣ ቢሆን ይቀል ነበር። መልሶ ወደ መንገዱ ዞረ፣ ቁልፉን ጨብጦ ሳያስነሳ ቆየ። መኳንንት ከኋላ ሆኖ በልቡ ጌታን ለመነ፤ የለመነውም ሌላ መንገድ እንዲያሳየው ነበር። ሌላ መንገድ አልመጣም። የመጣው የዘይኑልአቢዲን ድምፅ ነው፤ እዚያው ነበርኩ እኮ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት።

«እናትህ ይመጣሉ?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ከመጣሁ ትመጣለች።»

«አንተስ?»

«እርስዎ ከቆሙ።»

መኳንንት የባጃጇን የኋላ ብረት ጨብጦ ቀና አለ።

«እሺ» አለ። «እሑድ፣ ስብከቱ ሳይጀመር እቆማለሁ። ሽቦዋን ይዤ። መርፌዋ እንዳልተነሳች፣ ቴርሞስታቷን እንዳወጣሁ፣ አትስጋ ያልኩህም እኔ እንደ ሆንኩ፣ ተጠይቄም የማላውቀውን አውቃለሁ እንዳልኩ እነግራቸዋለሁ። መኪናችሁ በእጄ ያለፈ ሁሉ ሰኞ አምጡት እላቸዋለሁ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»